ማንበብ ያልቻለችው ተዋናይት፦ የቻርሊ ብራውን ገና ድምፆች እንዴት ተገኙ

ልጅቷ 6 ዓመት ቢሆናት ነው። ማይክሮፎን ፊት ቆማለች። ጽሑፍ አልተሰጣትም፤ ቢሰጣትም አይጠቅማትም፣ ገና ማንበብ አልቻለችም። አንድ ትልቅ ሰው አንድ መስመር ይላል፣ እሷ ትደግማለች። መስመሩ ሲረዝምባት ይቆረስላታል፤ መጀመሪያ ግማሹ፣ ከዚያ ሩቡ፣ አንዳንዴ ቃሉ ራሱ ተከፋፍሎ። በዚያ ላይ ጊዜ የለም። ጥርሷ እየተነቃነቀ ነው። ከወለቀ በኋላ "ሰ" በክፍተቱ እያፏጨ ይወጣል፤ ያኔ የዛሬው ቅጂ ከትናንቱ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ጥርሱን መቅደም አለባቸው።

ልጅቷ ካቲ ስታይንበርግ ናት። ድምፅ የሆነችላት ደግሞ ሳሊ፣ የቻርሊ ብራውን ታናሽ እህት። ዓመቱ 1965 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያ ቀረጻ "የቻርሊ ብራውን ገና" የተባለውን የ25 ደቂቃ ገደማ የቴሌቪዥን ካርቱን ወለደ። ከስድሳ ዓመት በኋላም አሜሪካ ውስጥ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ይታያል። እዚያ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆችም ያውቁታል፤ የፈረንጁን ገና አክብረው የእኛን የሚጠብቁት እነሱ።

ስለዚህ ካርቱን ሲወራ ሙዚቃው ይነሳል፣ ያቺ ቀጫጫ ዛፍ ትነሳለች። እኔን የያዘኝ ግን ድምፁ ነው። በዚያ ዘመን አሠራር መጥፎ ተብሎ ሊጣል የሚችል ድምፅ ነበር። የሚደናቀፍ፣ ትንፋሹ የሚሰማ፣ ቃላቱን በትክክል ያልተረዳ የልጅ ድምፅ። ሆኖም ሰዎቹ እያወቁ መረጡት። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ማየት የፈለግኩት።

ነገሩ የተጀመረው ባልተሸጠ ሥራ ነው። ሊ ሜንደልሰን የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ፕሮዲዩሰር ስለ ታላቁ የቤዝቦል ተጫዋች ዊሊ ሜይስ ዘጋቢ ፊልም ሠራ። ከዚያ፣ ስለ ዓለም ምርጡ ተጫዋች ከሠራሁ ለምን ስለ ዓለም መጥፎው አልሠራም ብሎ አሰበ። መጥፎው ቻርሊ ብራውን ነው። አንድም ጨዋታ አሸንፎ የማይገባ፣ ቻርልስ ሹልዝ ከ1950 ጀምሮ ለጋዜጣ የሚሥለው ክብ ራስ ልጅ። ሜንደልሰን ሹልዝ ዘንድ ሄዶ ስለ እሱና ስለ ሥራው ዘጋቢ ፊልም ሠራ። የሚገዛው ጣቢያ ግን አጣ።

በ1965 የኮካ ኮላ ማስታወቂያ ወኪል ስልክ ደወለ። ለገና የሚሆን ነገር አላችሁ ወይ ነው ጥያቄው። ሜንደልሰን አለን አለ። በእጁ ምንም አልነበረም። ሹልዝ ዘንድ ሮጠ፣ አኒሜተሩ ቢል ሜሌንዴዝ ተጠራ፣ በአንድ ቀን የታሪኩ ንድፍ ወጣ። ኮካ ኮላም ተስማማ። የቀራቸው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ።

በዚያ ጥድፊያ መሃል ነው የድምፁ ውሳኔ የመጣው። ልጆቹን ማን ይናገርላቸው?

የተለመደው መንገድ ግልጽ ነበር። ትልልቅ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ የልጅ ድምፅ እያወጡ ይሠራሉ። ልክ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1964፣ አፍንጫው የሚያበራው አጋዘን ሩዶልፍ በቴሌቪዥን ወጥቶ ነበር። የዚያን ግልገል ድምፅ የሰጠችው ከ40 ዓመት በላይ የሆናት ካናዳዊቷ ቢሊ ሜይ ሪቻርድስ ናት። ቆንጆ አድርጋ ነው የሠራችው። ባለሙያ ጽሑፍ ያነባል፣ ሰዓት ያከብራል፣ ጥርሱ አይወልቅም። ስድስት ወር ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይታይም።

እነ ሹልዝ ግን ልጆቹን ልጆች ይናገሩላቸው አሉ። ምክንያቱ ጽሑፉን ሲያዩት ይገባል። የሹልዝ ልጆች የሚያወሩት የልጅ ወሬ አይደለም። ቻርሊ ብራውን ገና ደርሶም ደስ አላለውም፤ ለምን እንዳልሆነለትም አያውቅም። ሉሲ መንገድ ዳር የሥነ ልቦና ምክር መስጫ ከፍታ 5 ሳንቲም ታስከፍላለች፤ ለገና የምትፈልገው ስጦታ ደግሞ መሬትና ቤት ነው። ሳሊ ለገና አባት ደብዳቤ ታስጽፋለች፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ካስቸገረህም ገንዘቡን በአሥርና በሃያ ዶላር ኖት ላክልኝ ትላለች። ይህን አዋቂ ሰው በልጅ ድምፅ ቢለው ቀልድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰሚው ከጀርባ የሚጣቀስ ትልቅ ሰው እንዳለ ይሰማዋል። ካቲ ስትለው ግን ከልቧ ነው። የምትለውን ሙሉ በሙሉ አልተረዳችውም፣ ግን ታምንበታለች። የሚያስቀውም የሚያሳዝነውም እዚያ ላይ ነው።

ተዋንያኑ ከሁለት ወገን ነው የመጡት። ሦስቱ ልምድ ነበራቸው። ቻርሊ ብራውን የሆነው ፒተር ሮቢንስ 9 ዓመቱ ነበር። ከፍ ዝቅ የማይል፣ ድካም የሚሰማበት ድምፅ አለው። ሳያለቅስ የሚያሳዝን ልጅ እንዴት እንደሚናገር የገባው ይመስላል። ሉሲ የሆነችው ትሬሲ ስትራትፎርድ ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ትታወቃለች። ላይነስ የሆነው ክሪስቶፈር ሺ ደግሞ 7 ዓመቱ፤ ኮልተፍ የሚል፣ ረጋ ያለ፣ ንጹሕ አንደበት ነበረው።

የቀሩት አብዛኞቹ የሜንደልሰን ሰፈር ልጆች ናቸው። ክሪስ ዶራን ፒያኖ የሚመታውን ሽሮደርን ወሰደ፤ ሸርሚንም ጨመረለት። ጄፍሪ ኦርንስታይን ባለ አቧራው ፒግፐን ሆነ። ሳሊ ድራየር ቫዮሌት፣ አን አልቴሪ ተፈጥሮ በሰጣት ጥቅልል ፀጉር የምትመካው ፍሪዳ፣ ካረን ሜንደልሰን ፓቲ ሆኑ። ሸርሚ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በየዓመቱ የገና ድራማ ላይ እረኛ አድርገው ይመድቡኛል ብሎ ያማርራል። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ሁሉ ያን ልጅ ያውቀዋል። ሁልጊዜ እረኛ፣ ሁልጊዜ ከኋላ።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የምንማረው።

በአኒሜሽን ድምፅ ይቀድማል፣ ሥዕል ይከተላል። ሠዓሊዎቹ የተቀዳውን እየሰሙ አፍ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ይቆጥራሉ። ስለዚህ የድምፁ ጉድለት ሁሉ ወደ ሥዕሉ ይገባል። ልጅ መሃል ላይ ትንፋሽ ቢወስድ ባለታሪኩም መሃል ላይ ይቆማል። የካቲ ንግግር እየተቆራረጠ ተቀድቶ፣ ቴፑ እየተቀጠለ ነው የተሠራው። አሁን ስትሰሙት ቅጥሉ ይታወቃል። ቃላቱ መሃል ትንሽ ክፍተት አለ፤ ሳሊ እያንዳንዱን ቃል ከኪሷ እያወጣች የምታስቀምጥ ይመስላል። ድርሻዬን ብቻ ነው የምፈልገው የምትልበት ቦታ ላይ ያ ክፍተት የንግግሩን ኃይል ሠራው። በአንድ ትንፋሽ የምትለው ልጅ ብትሆን እንዲያ አይሆንም ነበር።

ሉሲ የፍርሃት ዓይነቶችን የምትዘረዝርበትን ክፍል ደግሞ ተመልከቱ። ቻርሊ ብራውን ሊማከር መጥቷል። እሷ ትጠይቀዋለች፤ ኃላፊነት ትፈራለህ? ድመት? ደረጃ? ባሕር? ድልድይ መሻገር? ለእያንዳንዱ የግሪክ ስም አለው፣ ለአዋቂም አፍ የሚያስር። ትሬሲ ያን ሁሉ በአንድ ልበ ሙሉነት ትወርደዋለች። አንዱን ቃል እንዲያውም አሳስታዋለች፤ አላረሙትም። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ነገር መፍራት ወደሚለው ስትደርስ ቻርሊ ብራውን "እሱ ነው!" ብሎ ይጮኻል፣ ሉሲ በጩኸቱ ተገልብጣ ትወድቃለች። የፒተር ጩኸት ከልብ የወጣ ነው። ቀስ ብሎ ሲናገር የቆየ ልጅ ድንገት ሲጮህ ሰው ይደነግጣል።

የመዘምራኑም ነገር እንደዚሁ ነው። ሙዚቃውን የሠራው የሳን ፍራንሲስኮው ጃዝ ፒያኒስት ቪንስ ጓራልዲ ነው። የሚዘምሩት በሳን ራፋኤል ከተማ የቅዱስ ጳውሎስ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። አሰልጣኛቸው ዜማው ፍጹም እንዲሆን ይፈልግ ነበር። ፕሮዲዩሰሩና ሙዚቀኛው ግን ልጅ እንደ ልጅ ይሰማ አሉ፤ ትንሽ ከዜማው የወጣው ቅጂ ገባ። ለአሰልጣኙ አዝናለሁ፣ ድካሙ ይገባኛል። ግን የተመረጠው ትክክለኛው ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የስኑፒ ድምፅ ነው። ውሻው በጋዜጣው ላይ ያስባል እንጂ አይናገርም፤ ሹልዝም እንዲናገር አልፈለገም። ታዲያ ምን ድምፅ ያውጣ? ዳይሬክተሩ ሜሌንዴዝ ራሱ ትርጉም የሌለው ነገር በማይክሮፎን አጉረመረመ፣ ቴፑን አፈጠነው። ያደረገው ለናሙና ነበር፤ በኋላ ባለሙያ ተዋናይ መጥቶ ይተካዋል ተብሎ። ጊዜው አለቀ፣ ናሙናው ቀረ። ሜክሲኮ ውስጥ ኤርሞሲዮ የተወለደ፣ ዲዝኒ ቤት ሲሥል የነበረ ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል የውሻ ድምፅ ሆነ። በልምምዱ ላይ ሉሲ የበጉንም የላሙንም የፔንግዊኑንም ሚና ተጫወት ስትለው ስኑፒ ሲያሳያት የምትሰሙት እሱን ነው።

ሌላው ትልቅ ውሳኔ ዝምታ ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀልድ ያለ ተቀዳ ሳቅ አይወጣም ነበር፤ ካርቱንም ጭምር። ሹልዝ አይሆንም አለ። ሳቁ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የሳሊ ክፍተቶች በሰው ሳቅ ይሞሉ ነበር። ሕፃኗ ስትናገር ከኋላ አዋቂዎች ይስቁባታል ማለት ነው። ያለ ሳቁ ግን ተመልካቹ ብቻውን ከልጆቹ ጋር ቀረ።

ይህ ዝምታ ከፍታው ላይ የሚደርሰው በላይነስ ንግግር ነው። ልጆቹ የገና ድራማ ሊለማመዱ ተሰብስበዋል። ቻርሊ ብራውን ትልልቅ የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ዛፎች ትቶ እንጨት የመሰለች ዛፍ ገዝቶ መጣ። ሳቁበት። ገና ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም ወይ ብሎ ጮኸ። ላይነስ መድረኩ መሃል ሄደ፣ መብራት ጠየቀ፣ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ከቁጥር 8 እስከ 14 በቃሉ አለ። ሙዚቃ የለም። ቀልድ የለም። አንድ ደቂቃ ያህል የ7 ዓመት ልጅ ድምፅ ብቻ። ሜንደልሰንና ሜሌንዴዝ ይህ ጥቅስ እንዲገባ አመንትተው ነበር፤ በመዝናኛ መሃል እንዲህ ያለ ነገር አልተለመደም። ሹልዝ ግን እኛ ካላልነው ማን ሊለው ነው አላቸው።

እዚያ ንግግር ውስጥ አንድ ቅጽበት አለች። ላይነስ ብርድ ልብሱን ከእጁ የማይለይ ልጅ ነው። እህቱ ሉሲ ትሳለቅበታለች፣ አይለቅም። መልአኩ ለእረኞቹ "አትፍሩ" ያለበት ቃል ላይ ሲደርስ ግን ብርድ ልብሱ ከእጁ ይወድቃል። ማንም አያነሳውም፣ ካሜራው አይጠጋም፣ እሱም አያየውም። ንግግሩን ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ያነሳዋል። ብዙ ሰው ዓመታት ሲያየው ኖሮ ልብ አላለውም። እኔም ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ካየሁት በኋላ ግን ዓይኔን ከዚያ እጅ ላይ ማንሳት አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ስለ ትርጉም አንድ ነገር ልበል። በእንግሊዝኛው ጥቅስ "አትፍሩ" የሚለው ከመልአኩ አፍ የሚወጣ የመጀመሪያ ቃል ነው። በለመድነው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፦ "እነሆ፥ ለሕዝቡ ሁሉ የሚሆን ታላቅ ደስታ የምሥራች እላችኋለሁና አትፍሩ።" የእኛ ግስ መጨረሻ ነው የሚቀመጠው፣ ምን ይደረግ። አንድ ቀን ይህን ካርቱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ቢመጣ፣ ጥቅሱን እንዳለ ካስነበበ ብርድ ልብሱ "እነሆ" ላይ ይወድቅና ነገሩ ይበላሻል። ቃሉን ወደ ፊት ማምጣት አለበት፤ "አትፍሩ" ብሎ ይጀምርና ከዚያ የምሥራቹን ያስከትል። በቃሉ ያጠና ጆሮ ቅር ይለው ይሆናል። የእጁና የአፉ ነገር ግን መገጣጠም አለበት፤ ሥዕሉ አይጠብቅም። ድምፁን የሚሰጠውም ልጅ ይሁን። ነጠላ ለብሶ ምእመናን ፊት ቆሞ ጥቅስ የሚል ልጅ በየአጥቢያው አለ፤ አንዳንዱ ቃል ቢጎረብጠውም ይጎርብጠው።

ካርቱኑ ሲያልቅ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ፈሩ። ሜሌንዴዝ ቻርሊ ብራውንን አበላሸነው ብሎ ነበር። የጣቢያው የሲቢኤስ ኃላፊዎችም ሲያዩት ፊታቸው አልፈታም። ዘገምተኛ ነው አሉ። ጃዙ አይሄድም አሉ። የልጆቹም ድምፅ ያልበሰለ ሆነባቸው። ግን መርሐ ግብሩ ታትሟል፣ ስፖንሰሩ ከፍሏል፣ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ሊሰርዙት አልቻሉም። ከአኒሜተሮቹ አንዱ፣ ኤድ ሌቪት፣ ይህ ነገር መቶ ዓመት ይታያል ብሎ ነበር ይባላል፤ በዚያች ሰዓት እንዲህ ያሰበ ሌላ ሰው የነበረ አይመስልም።

ሐሙስ ታኅሣሥ 9 ቀን 1965 ማታ ወጣ። በእኛ ኅዳር 30 ቀን 1958 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ከከፈተው ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው፣ 15 ሚሊዮን ገደማ ቤት፣ እሱን ያይ ነበር። በሳምንቱ "ቦናንዛ" ከተባለው ተከታታይ ድራማ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ኤሚና ፒቦዲ የተባሉትን ትልልቅ ሽልማቶችም አገኘ። የአሉሚኒየም ዛፍ ገበያም ከዚያ በኋላ ቀዘቀዘ፤ ብዙዎች ምክንያቱ ይኸው ካርቱን ነው ይላሉ። ሲቢኤስ በየዓመቱ እስከ 2000 አሳየው፣ ከዚያ ኤቢሲ ተረክቦ እስከ 2019 አሳየው።

ስኬቱ ግን አዲስ ችግር ወለደ። ባለታሪኮቹ አያድጉም፣ ልጆቹ ያድጋሉ። የአዋቂ ተዋናይ ድምፅ ሃያ ዓመት ይቆያል፤ የልጅ ድምፅ ሦስት አራት ዓመት ቢቆይ ነው። ወዲያው በ1966 ሉሲን የወሰደችው ሳሊ ድራየር ነበረች፤ በገናው ቫዮሌት የነበረችው። ክሪስቶፈር ሺ ላይነስን ለጥቂት ዓመት ሠርቶ ተወ። ፒተር ሮቢንስ እስከ 1969 ቻርሊ ብራውን ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ ድምፁ ጎረነነ። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ልጅ ይፈለጋል። አዲሱ ልጅ ሁሉ የሚለካው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ነው። ይህ ለልጆቹ ከባድ ነው ብዬ አስባለሁ። በ9 ዓመትህ በሠራኸው ሥራ ዕድሜ ልክህን መታወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

የፒተር ሮቢንስ ሕይወት በኋላ ብዙ መከራ አየ። ከአእምሮ ሕመም ጋር ሲታገል እንደኖረ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። በጥር 2022 በ65 ዓመቱ አረፈ። ክሪስቶፈር ሺ ከእሱ በፊት በ2010 አረፈ። ሜንደልሰን ያረፈው በ2019፣ በፈረንጆቹ የገና ዕለት ነው።

የፒተር አንድ ነገር ግን አልተተካም። ቻርሊ ብራውን ኳሷን ሊመታ ሮጦ ሲሄድ ሉሲ ስታነሳበት የሚያሰማው ያ የታወቀ ጩኸት የእሱ ነው። እሱ ሥራውን ከተወ በኋላም፣ ሌሎች ልጆች ቻርሊ ብራውንን ሲናገሩ፣ መጮህ ሲመጣ የፒተርን ቅጂ ያስገቡ ነበር።

ለናሙና ተብሎ የተቀዳው የሜሌንዴዝ ጉርምርምታም እንዲሁ። እሱ በ2008 ሞተ። በ2015 ልጆቹ በኮምፒውተር ተሥለው ወደ ሲኒማ ሲመጡ ሁሉም ድምፅ አዲስ ነበር፤ የስኑፒና የወዳጁ የወፊቱ ድምፅ ብቻ ከድሮው ቴፕ ተወሰደ።